ሌላ ድመት ላኩልኝ

ባለፈው ክረምት አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ ከግቢ ያስገባት ልጄ ስልኬን ተቀብላ ቶምና ጄሪ ትመለከት ነበር። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ የታጠበ ልብስ እያጠፍኩ በአንድ ዓይኔ አብሬያት አያለሁ። ጄሪ ምድር ቤት ውስጥ መሽጎ፣ የእንቁላል ካርቶኑን እንደ ጥይት ሣጥን ከፍቶ፣ እንቁላሎቹን እንደ እጅ ቦንብ በቶም ፊት ላይ ያፈነዳል፤ ከአይብ መፈግፈጊያ በሠራት ጂፕ ያሳድደዋል፤ የጡት መያዣ ጃንጥላ አድርጎ ከአየር ይወርዳል። በመጨረሻ ቶም ከርችት ጋር ታስሮ ወደ ሰማይ ይተኮስና ይፈነዳል፤ ፍንጣሪውም በጨለማው ሰማይ ላይ ቀይና ነጭ መስመር፣ ከጥግ በኩል ደግሞ የተደረደሩ ኮከቦች ይሆናል። የአሜሪካ ባንዲራ ነው። ጄሪ ቀጥ ብሎ ቆሞ ወታደራዊ ሰላምታ ይሰጣል፤ ከዚያም ለበላዮቹ አጭር የጦር ሜዳ መልእክት ይልካል፦ ሌላ ድመት ላኩልኝ።

ይህን ክፍል በልጅነቴ ቢያንስ ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ። ያየሁት ግን ቴሌቪዥን በነበራቸው ጎረቤቶቻችን ሳሎን፣ ምንጣፉ ላይ ከሰፈሩ ልጆች ጋር ተጨናንቄ፣ በጥቁርና ነጭ ስክሪን ስለነበር፣ በሰማዩ ላይ የተበተነው ነገር ለእኔ የእሳት ፍንጣሪ ብቻ ነበር። ቀለም በሌለበት ባንዲራ መሆኑን ማወቅ አልቻልኩም፤ ማናችንም አልጠየቅንም፤ ስቀን ወደየቤታችን ሄድን። ከሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ልጄ እዚያው ቦታ ላይ እንደኛው ስትስቅ ስሰማ፣ እጄ ላይ የነበረውን ሹራብ ሳላጥፍ ቀረሁ።

ፊልሙ የተሠራው በ1943 ነው (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዊልያም ሃና እና ጆሴፍ ባርቤራ በኤም ጂ ኤም ስቱዲዮ የሠሩት ሲሆን፣ ቶምና ጄሪ ካገኟቸው ሰባት የኦስካር ሽልማቶች የመጀመሪያውን ያስገኘው እሱ ነው። ጄሪ የሚልካቸው መልእክቶች እንኳ ከእውነተኛው ጦርነት የተቀዱ ናቸው። በ1942 መጀመሪያ አንድ የአሜሪካ ባሕር ኃይል አብራሪ «ሰርጓጅ መርከብ አየሁ፤ አሰጠምኩት» የሚል በጣም አጭር መልእክት ላከ ተብሎ በአገሩ ሁሉ ዝነኛ ሆኖ ነበር፤ ጄሪም «ድመት አየሁ፤ አሰጠምኩት» ይላል። በሲኒማ ቤት ተቀምጦ ያየው የዚያ ዘመን አሜሪካዊ ቀልዱ ወዲያው ይገባው ነበር። ለእኔ ለመግባት ሠላሳ ዓመትና ባለ ቀለም ስልክ አስፈለገው።

ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ልጄ ከተኛች በኋላ የጦርነት ዘመን ካርቱኖችን እየፈለጉ ማየት ልማድ ሆነብኝ። አብዛኞቹ ሰባትና ስምንት ደቂቃ ቢፈጁ ነው፤ በአንድ ምሽት አምስት ስድስቱን መጨረስ ይቻላል። መጀመሪያ ላይ የተነሣሁት ውሸቱን እጅ ከፍንጅ ልይዝ ነበር። እኔ ባደግሁበት አገር ፕሮፓጋንዳ የሚጮህ ነገር ነው፤ የሰልፍ ሙዚቃ አለው፣ መፈክር አለው፣ ክንዱ የፈረጠመ ሠራተኛና ገበሬ የተሳለበት ፖስተር አለው። ከዚያ በፊት የነበረው ፉከራና ሽለላም ቢሆን ራሱን አይደብቅም፤ ፎካሪው ጠላቱን ሲያንኳስስና ራሱን አንበሳ ሲያደርግ፣ የሚሰማው ሁሉ ፉከራ እየሰማ መሆኑን ያውቃል፣ ማንም እንደ ዜና አይቀበለውም። ካርቱኑ ግን የመጣበትን ጉዳይ አይናገርም። ጨዋታ ነኝ ብሎ ይገባል፤ ሳቁም ካመለጠ በኋላ ምን እንዳሳቀህ መመርመር የራስህ ፋንታ ነው። ለረጅም ጊዜ አደገኛው ነገር ይህ ሳቅ ይመስለኝ ነበር። አሁን ግን ከሳቁ ይልቅ የምፈራው ሌላ ነገር አለ፤ ወደ እሱ እስክደርስ ያየሁትን በየተራ ልናገር።

ነገሩ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቆየ ነው። ሜይ 7 ቀን 1915 ሉሲታኒያ የተባለችው የእንግሊዝ የመንገደኞች መርከብ በአየርላንድ ጠረፍ አቅራቢያ በጀርመን ሰርጓጅ መርከብ ተመትታ በ18 ደቂቃ ውስጥ ሰጠመች፤ ወደ 1,200 የሚጠጉ ሰዎች አለቁ። አደጋውን ያነሣ የፊልም ካሜራ አልነበረም። ዊንሰር ማኬይ የተባለው አሜሪካዊ የጋዜጣ ሠዓሊ ይህን ክፍተት ሊሞላ ተነሣና፣ ሁለት ዓመት ገደማ ፈጅቶ 25,000 ያህል ሥዕሎች ከረዳቶቹ ጋር ስሎ፣ በጁላይ 1918 አሥራ ሁለት ደቂቃ ያህል የሚወስድ ፊልም ለሕዝብ አቀረበ። በዚያን ጊዜ አሜሪካ ራሷ ጦርነቱ ውስጥ ከገባች ዓመት አልፏት ነበር። ፊልሙ ቀልድ የሚባል ነገር የለውም። ጭሱ እንደ እውነተኛ ጭስ ይጠማዘዛል፤ መርከቧ በዝግታ ታዘነብላለች፤ ሰዎች ከጎኗ እንደ ጥቁር ነጠብጣብ ወደ ባሕሩ ይረግፋሉ፤ በመጨረሻም አንዲት እናት ሕፃኗን ከማዕበሉ በላይ አንሥታ ይዛ ከነልጇ ወደ ታች ትሰምጣለች። በመካከል የሚመጣው ጽሑፍ ተመልካቹ የሉሲታኒያን መስጠም የመጀመሪያ መዝገብ እያየ መሆኑን ይነግረዋል።

«መዝገብ» የሚለውን ቃል ስደርስ ፊልሙን አቆምኩት። ፎቶግራፍ ሊዋሽ ይችላል፤ ቢያንስ ግን አንድ ሰው ካሜራ ይዞ በቦታው ቆሞ እንደነበር ይመሰክራል። ሥዕል ማንም ባልቆመበት ቦታ ይሳላል፤ ዘግይቶ ይሳላል፤ ሠዓሊው በፈለገው አቅጣጫ ይሳላል። ማኬይ መርከቧን ሁለት ቶርፒዶ ሲመታት ያሳያል፤ የሰርጓጅ መርከቡ አዛዥ መዝገብ ላይ ያለው ግን አንድ ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ፍንዳታ ምን እንደነበረ ከዚያ ወዲህ ብዙ ተከራክረውበታል። መርከቧ ከመንገደኞቿ ጋር የጠመንጃ ጥይትም ጭና ነበር። ይህ የሟቾቹን ንጽሕና አይቀንስም፤ የሰመጠችው ሴትም ሆነች ልጇ ጥይት አልጫኑም። ነገር ግን ሥዕሉ ሊናገር የፈለገውን ብቻ እንጂ የሆነውን ሁሉ የመናገር ግዴታ እንደሌለበት በዚህ ይታያል። የፊልሙ መጨረሻም ቶርፒዶውን የተኮሰው ሰው ከካይዘሩ፣ ማለትም ከጀርመን ንጉሠ ነገሥት፣ መሸለሙን ገልጦ፣ ይህ ሆኖ ሳለ ጀርመኖችን እንዳንጠላ ይነግሩናል ብሎ በምሬት ይዘጋል። ተመልካቹ ከዚያ በኋላ ምን እንዲሰማው እንደሚፈለግ ለመገመት አያስቸግርም።

በሁለተኛው ጦርነት ነገሩ ከአንድ ሠዓሊ እጅ ወጥቶ የፋብሪካ ሥራ ሆነ። በዲሴምበር 1941 ጃፓን ፐርል ሃርበርን እንደደበደበች፣ የአሜሪካ ጦር በበርባንክ ከተማ የሚገኘውን የዲዝኒ ስቱዲዮ በከፊል ተረክቦ፣ አጠገቡ ያለውን የሎክሂድ አውሮፕላን ፋብሪካ የሚጠብቁ የፀረ አውሮፕላን ወታደሮቹን ለወራት አሰፈረበት። ሚኪ ማውስ በሚሳልበት ግቢ ጥይት ተከማቸ። ዋልት ዲዝኒ በዚያን ጊዜ የተቸገረ ሰው ነበር፤ በ1940 ያወጣቸው ሁለት ረጃጅም ፊልሞች ወጪያቸውን አልመለሱም፣ የአውሮፓ ገበያው በጦርነቱ ተዘግቷል፣ በ1941 ደግሞ ሠራተኞቹ አድማ መትተውበት ነበር። ስለዚህ የመንግሥት ሥራ ሲመጣ የአገር ፍቅር ብቻ ሳይሆን የእንጀራም ጉዳይ ነበር። ከተሠሩት ፊልሞች ብዙዎቹን ሕዝብ አላያቸውም፤ የአውሮፕላን ቆርቆሮ እንዴት እርስ በርሱ እንደሚያያዝ፣ የጠላት አውሮፕላን ከወዳጅ አውሮፕላን በምን እንደሚለይ የሚያስተምሩ ነበሩ። ስለ እነዚህ ክፉ የምናገረው የለኝም። ሰባቱ ድንኮች የወባ ትንኝ ሲያጠፉ የሚታዩበት የ1943 ፊልምማ፣ ወባ ያለበት ቆላ ለሚኖሩ ዘመዶቼ ዛሬም ቢታይ የሚጠቅም ይመስለኛል።

ለሕዝብ ከታዩት መካከል የመጀመሪያው ታላቅ ሥራ ግን ስለ ጥይት ሳይሆን ስለ ግብር ነበር። ጦርነቱ ገንዘብ ይፈልጋል፤ የገቢ ግብር ከዚያ በፊት ከፍለው ወደማያውቁ ሚሊዮኖች እየሰፋ ነበር። የገንዘብ ሚኒስትሩ ሄንሪ ሞርገንታው ለዚህ ፊልም እንዲሠራ ሲጠይቅ፣ በአእምሮው የነበረው «አቶ ግብር ከፋይ» የሚባል አዲስ ገጸ ባሕርይ ነበር፤ ዲዝኒ ግን ዶናልድ ዳክን አቀረበለት፤ ዶናልድን መስጠት ሌላ ስቱዲዮ ዝነኛውን ተዋናይ ክላርክ ጌብልን እንደመስጠት ነው ብሎም ተከራከረ። በ1942 መጀመሪያ በወጣው ፊልም ዶናልድ ቅጹን ይሞላል፣ ሦስቱን የወንድሙን... ይቅርታ፣ የእህቱን ልጆች በጥገኝነት ያስመዘግባል፣ 13 ዶላር እንደሚፈለግበት ያውቃል፤ ከዚያም ፖስታውን መላክ አንሶት ከካሊፎርኒያ እስከ ዋሺንግተን እየሮጠ በእጁ ያደርሳል። ሐምሌ በመጣ ቁጥር ግብር ለመክፈል ተሰልፌ የማውቅ ሰው እንደመሆኔ፣ ከውቅያኖስ እስከ ውቅያኖስ እየሮጠ ግብር የሚከፍል ዳክዬ ከሚበር ዝሆን የበለጠ ተአምር ሆኖብኛል። ምክር ቤቱ ለፊልሙ የተጠየቀውን 80,000 ዶላር መክፈል አልፈልግም ብሎ ብዙ ተጨቃጨቀ። ግምጃ ቤቱ ግን ከ32 ሚሊዮን በላይ ሰው እንዳየው ገመተ፤ የሕዝብ አስተያየት የሚመዝነው ጋሉፕ ባደረገው መጠይቅም ከመቶ 37 ሰዎች ፊልሙ ግብር ለመክፈል ያላቸውን ፈቃደኝነት እንደነካ ተናገሩ።

ከዚህ ሁሉ ግን ደጋግሜ ያየሁት በጃንዋሪ 1943 የወጣውን፣ «የፉረሩ ፊት» (ፉረር የሂትለር መጠሪያ ነው) ብለን ልንተረጉመው የምንችለውን የዶናልድ ፊልም ነው። የ1942ን ኦስካር የወሰደው እሱ ነው፤ ዘፈኑም ፊልሙ ከመውጣቱ በፊት ስፓይክ ጆንስና ባንዱ ቀድተውት በአገሩ ሁሉ ተዘፍኗል። ዶናልድ በናዚ ምድር ይነቃል። ዛፉም፣ ደመናውም፣ አጥሩም የስዋስቲካ ቅርጽ አለው። ቁርሱ በመጋዝ የሚቆረጥ ዳቦ፣ ከአንድ ፍሬ ብቻ የሚጨለፍ ቡና፣ ከሽቶ ጠርሙስ የሚረጭ የእንቁላል ሽታ ነው። ከዚያ ወደ ጥይት ፋብሪካ ይነዱታል፤ በመሥሪያው ቀበቶ ላይ ቀለሃዎች ትልቅም ትንሽም እየሆኑ ይመጣሉ፣ በመካከላቸው የሂትለር ፎቶ ይመጣል፤ ፎቶው በመጣ ቁጥር ሥራውን ሳያቋርጥ ሰላምታ መስጠት አለበት። ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ዶናልድ ያብዳል፣ ቀለሃዎቹ ይዘፍናሉ። ድንገት ከቅዠቱ ሲባንን አልጋው ላይ በኮከብና በመስመር ያጌጠ ፒጃማ ለብሷል። ግድግዳው ላይ እጁን ወደ ላይ የዘረጋ ጥላ ያያል፤ እጁ ሳያስበው ይነሣል፣ አፉም የናዚዎቹን የሰላምታ ቃል «ሃይል» ሊል ይጀምራል። ጥላው ግን በመስኮቱ ላይ የቆመችው የትንሿ የነፃነት ሐውልት ጥላ ነው። ሐውልቷን አቅፎ ይስማታል።

ይህ ፊልም ሲያስቀኝ አላፈርኩም። ስለ ናዚዎች የሚናገረው በመሠረቱ እውነት ነው፤ እንዲያውም ያቺ ሳይታሰብ የምትነሣ እጅ ስለ አምባገነንነት ከብዙ መጽሐፍ የበለጠ ትናገራለች። ፈላጭ ቆራጭ አገዛዝ ሰውን የሚያሸንፈው ሐሳቡን ሲለውጠው ሳይሆን እጁ ከሐሳቡ ቀድሞ እንዲነሣ ሲያስለምደው መሆኑን ያደገበት ሰው ያውቀዋል፤ እኛም ግራ እጃችንን ጨብጠን ወደ ላይ የሰነዘርንባቸው ዓመታት ነበሩ። ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ዶናልድ ሐውልቷን ሲያቅፍ እኔም ደስ አለኝ፤ አሜሪካዊ አይደለሁም፣ ፒጃማዬም ኮከብ የለውም፣ ግን ለአንድ አፍታ የእሱ ደስታ ደስታዬ ሆነ። የእሱ እጅ ሳያስብ እንደተነሣው ሁሉ የእኔም ልብ ሳያስብ ተነሣ። ሁለቱን ነገሮች ፊልሙ አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጧቸዋል፤ ሠሪዎቹ ይህን ያሰቡት አይመስለኝም።

በዚያው ፊልም መጀመሪያ ላይ በሚዘምተው ባንድ ውስጥ ጥርሱ የገጠጠ ጃፓናዊ ትልቅ ጥሩምባ ይነፋል። እሱን ሳይ ሳቄ ይቋረጣል። ጀርመኑ ሲሳል ሂትለር ወይም ጎሪንግ ሆኖ፣ ማለትም ስም ያለው አንድ ክፉ ሰው ሆኖ ነው፤ ጃፓናዊው ግን በአብዛኛው ጥርስ፣ መነጽርና ቢጫ ቆዳ ብቻ ነው፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። በ1944 በወጣ አንድ ካርቱን ባግስ በኒ የሚባለው ጥንቸል በፓስፊክ ደሴት ላይ የአይስክሬም ሻጭ መስሎ ለጃፓን ወታደሮች የእጅ ቦንብ ያለበት አይስክሬም ያድላል፣ እያደለም በመልካቸው ይሰድባቸዋል። በዚያን ጊዜ 120,000 ያህል ከጃፓን ዘር የሆኑ ሰዎች፣ አብዛኞቹ የአሜሪካ ዜጎች፣ ከቤታቸው ተነቅለው በሽቦ በታጠረ ካምፕ ውስጥ ነበሩ። እነዚህን ፊልሞች ዛሬ ለማውገዝ ድፍረት አያስፈልግም። ጥላቻው ፊት ለፊት ስለሆነ ተመልካቹ በር ላይ ያስቀረዋል።

ይህ ዓይነቱ ሥዕል በእኛም ላይ ተስሏል። ካርቱን ፊልም ሳይሆን ፖስት ካርድ ነበር፤ በ1935 እና 1936 ኤንሪኮ ዴ ሴታ የተባለ ጣሊያናዊ ሠዓሊ አገራችንን ለመውረር ለዘመቱት ወታደሮች አስቂኝ ካርዶች ስሎላቸዋል፤ ወታደሮቹም ወደ ቤታቸው ይልኩባቸው ነበር። በአንደኛው ላይ አንድ ወታደር በትንኝ መርጫ ፓምፕ ኢትዮጵያውያን ተዋጊዎችን ሲረጭ ይታያል። ወታደሩ ድቡልቡልና ደስ የሚል ነው፤ ቀለሙም የልጆች መጽሐፍ ቀለም ነው። በዚያው ዘመቻ የጣሊያን አውሮፕላኖች ከዲሴምበር 1935 ጀምሮ የሰናፍጭ ጋዝ በሰውና በከብት ላይ ሲያዘንቡ ነበር። ካርዱን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁ ዕለት ብዙ ቆየሁበት። ሠዓሊው ጋዙን አልደበቀም፤ እንዲያውም ሳለው። የቀረው የቃጠሎው ቁስል ብቻ ነው። ሥዕሉ ትንኝ እንጂ ቆዳ የለውም፤ ቶምም ከርችቱ ጋር ፈንድቶ በሚቀጥለው ክፍል ጸጉሩ እንኳ ሳይነካ የሚመለሰው በዚሁ ሕግ ነው።

የአሜሪካ ጦር ለራሱ ወታደሮች ያሠራቸው ካርቱኖች ግን በዚህ ረገድ የተለዩ ናቸው። ከ1943 እስከ 1945 የተሠሩት የወታደር ስናፉ ፊልሞች ሰነፍና አፉን የማይዘጋ ወታደር ያሳያሉ። ጽሑፉን ከጻፉት አንዱ በኋላ በልጆች መጻሕፍት ዓለም ያወቀው ዶክተር ሱስ ነው፤ ከዳይሬክተሮቹ ቸክ ጆንስ ይገኝበታል፤ ድምፁን የሰጠው የባግስ በኒ ድምፅ የሆነው ሜል ብላንክ ነው። ስናፉ ምሥጢር ያወጣል፤ መርከቡ ይሰምጣል። አጎበሩን ይንቃል፤ ወባ ይይዘዋል። አንዳንዴም ይሞታል፣ እውነተኛ ሞት። ለሕዝብ በሚታየው ካርቱን ሞት የለም፤ ሊሞት ለሚሄደው ሰው በሚታየው ካርቱን ግን አለ። ሠዓሊዎቹ በብዛት እነዚያው ስለነበሩ ልዩነቱን በደንብ ያውቁት ነበር ማለት ነው።

የጀርመኖቹ ነገር ደግሞ ሌላ ነው። የናዚዎቹ የፕሮፓጋንዳ ሚኒስትር ጎብልስ በ1937 ለገና ለሂትለር የሚኪ ማውስ ፊልሞችን እንደሰጠው በማስታወሻው ጽፏል፤ በ1941 ደግሞ ዲዝኒን የሚተካ የጀርመን የካርቱን ድርጅት ተቋቋመ። ከዚህ ድርጅት በ1943 የወጣው ፊልም ስለ አንዲት ካናሪ ወፍ ነው፤ ወፏ ከሽቦ ጎጆዋ አምልጣ በውጭው ዓለም ስትንገላታ ቆይታ በመጨረሻ ወደ ሽቦ ጎጆ ሕይወት በደስታ ትመለሳለች። አንድም ባንዲራ፣ አንድም ወታደር የለበትም። በ1944 በተያዘችው ፈረንሳይ የተሠራ ሌላ አጭር ፊልም ሚኪ፣ ዶናልድና ፖፓይ የቦንብ አውሮፕላን እያበረሩ ሲመጡ ያሳያል፤ የለንደንን ሬዲዮ ሰምቶ ነፃ አውጪዎቹን በጉጉት የሚጠብቀው ቤተ ሰብ ቤቱ በላዩ ላይ ይፈርስበታል፣ ሞትም በአጽም መልክ መጥቶ ፍርስራሹ ላይ ይቀመጣል። ክፋቱ የሚያስደነግጠው ሐሰት በመሆኑ ብቻ አይደለም፤ በዚያ ዓመት የአሜሪካና የእንግሊዝ ቦንብ ብዙ ፈረንሳውያንን በእርግጥ ገድሏል። ፊልሙ እውነተኛውን ሐዘን ወስዶ ለወራሪው አገልጋይ አደረገው።

አሁን ወደምፈራው ነገር ደረስኩ። ሞሞታሮ በጃፓን እያንዳንዱ ልጅ የሚያውቀው ተረት ነው፤ ከኮክ ፍሬ ውስጥ የተወለደ ልጅ ከውሻ፣ ከዝንጀሮና ከወፍ ጋር ሆኖ ወደ አጋንንት ደሴት ዘምቶ ድል ያደርጋል። የጃፓን ባሕር ኃይል ይህን ተረት ሁለት ጊዜ ፊልም አስደረገው፤ ሁለቱንም የሠራው ሚትሱዮ ሴዎ ነው። የ1943ቱ 37 ደቂቃ ይፈጃል፣ የፐርል ሃርበርን ድብደባ ያሳያል። ሁለተኛው 74 ደቂቃ የሚፈጅ፣ የጃፓን የመጀመሪያው ሙሉ ርዝመት ያለው አኒሜሽን ነው። ለሕዝብ የቀረበው ኤፕሪል 12 ቀን 1945 ነው፤ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት የሞቱበት ቀን መሆኑ አጋጣሚ ነው። በዚያ ጊዜ ከተሞቹ በቦንብ ተቃጥለዋል፣ የከተማ ልጆች ወደ ገጠር ተልከዋል፤ ሊያዩት የተሠራላቸው ልጆች ሲኒማ ቤት አልነበሩም።

ፊልሙ ሲጀምር ጦርነት የለም። የባሕር ኃይል ልብስ የለበሱ እንስሳት ለዕረፍት ወደ ትውልድ መንደራቸው ይመለሳሉ፤ ተራራው፣ ማሳው፣ ነፋሱ አለ። የዝንጀሮው ታናሽ ወንድም የወታደር ቆብ ሲያሳድድ ወንዝ ውስጥ ይወድቅና ወታደሮቹ ያድኑታል። ከዚያም ነጭ የአበባ ብናኞች በነፋስ ተነሥተው በቀስታ ሲንሳፈፉ ይታያሉ፤ የተቀመጠው ወታደር ቀና ብሎ ያያቸዋል፣ እኛም ሳይነገረን ጃንጥላ ለባሽ ወታደሮችን እናያለን። በደቡብ ደሴት ጥንቸሎች የአውሮፕላን ማረፊያ ይሠራሉ፤ የጫካው አራዊት በዘፈን የጃፓንኛ ፊደል ይማራሉ፤ ዘፈኑ በጣም የሚያምር ስለሆነ ለሁለት ቀን ሳላውቀው ሳንጎራጉረው ነበር። ቆይቼ ነው ምን እያንጎራጎርኩ እንደሆነ የገባኝ፤ ያ ዘፈን አገሩን የተነጠቀ ሕዝብ የወራሪውን ቋንቋ በደስታ ሲማር የሚያሳይ ዘፈን ነው። የእንግሊዝ መኮንኖች ቀንድ አላቸው፣ እጅ ሲሰጡም ይንቀጠቀጣሉ፤ ይህ ክፍል ደካማው ነው፣ በቀላሉ ይታለፋል። እኔን ያሸነፈኝ አበባው ነው።

በኦሳካ ከተቃጠለው ሰፈር መካከል ተርፎ በቆመ ሲኒማ ቤት ውስጥ ኦሳሙ ቴዙካ የተባለ የ16 ዓመት ልጅ ይህን ፊልም አይቶ አለቀሰ፤ አንድ ቀን እኔም አኒሜሽን እሠራለሁ ብሎም ወሰነ። በኋላ አስትሮ ቦይ የተባለውን ካርቱን ሠርቶ የጃፓን አኒሜሽንን መንገድ የከፈተው እሱ ነው። ቴዙካ ጦርነት ወዳድ አልሆነም፤ በሥራዎቹ ጦርነትን ሲቃወም ኖሯል። ስለዚህ የፊልሙ ፍሬ ክፉ ብቻ ነው ማለት አልችልም። ነገር ግን ልጁን ያስለቀሰው ርኅራኄና ውበት፣ ለዚያው ርኅራኄና ውበት ሲባል ባሕር ኃይሉ ገንዘብ ያወጣበት ነበር። ጥላቻ ሰውን ለአንድ ቀን ያነሣሣው ይሆናል፤ መንደሩን፣ ታናሽ ወንድሙንና የአበባውን ብናኝ ያሳዩት ሰው ግን በሰው አገር ላይ የሚወርደውን ወታደር ገና ከመውረዱ በፊት ወዶታል። የገጠጠ ጥርስ የሳለውን ሠዓሊ አውግዤ አልፌዋለሁ። ሴዎን ግን እስካሁን እወደዋለሁ፤ እየወደድኩትም ምን ላድርገው እላለሁ።

ፊልሙ ከጦርነቱ በኋላ ጠፋ፤ ድል አድርገው ጃፓንን የያዙት የአሜሪካ ባለ ሥልጣናት አቃጥለውታል ተብሎ ይታመን ነበር። በ1983 አንድ ቅጂ በሾቺኩ ኩባንያ መጋዘን ውስጥ ተገኘ፤ በ2016 ታድሶ በካን የፊልም ፌስቲቫል ታየ። እኔ ያየሁትም የታደሰውን ነው፤ መጨረሻው ላይ ጦርነቱ አልቆ እንደገና ወደዚያች መንደር እንመለሳለን። ትናንሾቹ እንስሳት ዛፍ ላይ እየወጡ እንደ ጃንጥላ ወታደር ወደ መሬት ይዘላሉ። የሚዘሉበት መሬት ላይ ሥዕል ተስሏል፤ የሰሜን አሜሪካ ካርታ ነው።

ያን ሌሊት ብዙ አልተኛሁም። በማግስቱ ዝናቡ አባርቶ ስለነበር ልጄ ከጎረቤት ልጆች ጋር ገና ቁርስ ሳትበላ ወጥታ በነጭ ጠመኔ ሲሚንቶው ላይ ሥላ በአንድ እግሯ ትዘላለች። በሩ ላይ ቆሜ ካየኋቸው በኋላ ጠጋ አልኩ።

«አባዬ፣ አትርገጠው፤ ይጠፋል» አለችኝ።

ጎንበስ ብዬ አየሁት። ሰኞ ማክሰኞ ነበር፤ ስምንት ሣጥን፣ አንዱ ጠመም ያለ።